ኳስ የሚይዘው ወይስ የሚጠብቀው? ተቃራኒ አጨዋወት ያላቸው ብሔራዊ ቡድኖች ሲገናኙ ግምት እንዴት ይሰጣል

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ፣ ወልዲያም ሆነ ሐይቅ፣ ትልቅ ጨዋታ ሲቃረብ ክርክሩ የሚነሳው ከስም ነው። የማን አጥቂ ማድሪድ ይጫወታል፣ የማን በረኛ በስንት ተሸጠ። ተቀራራቢ አጨዋወት ያላቸው ቡድኖች ሲገናኙ በስም መመዘን ብዙም አያሳስትም። አንዱ ኳስ ይዞ የሚያንሸራሽር፣ ሌላው ሜዳውን ዘግቶ የሚጠብቅ ከሆነ ግን በስም የተሰጠ ግምት ብዙ ጊዜ ገደል ይገባል።

እ.ኤ.አ. በ2022 ኳታር ላይ ስፔን፣ ጀርመን፣ ጃፓንና ኮስታሪካ የተደለደሉበትን ምድብ ውሰዱ። ስፔን ኮስታሪካን 7 ለ 0 ደቆሰች። ያቺው ኮስታሪካ በአራተኛው ቀን ጃፓንን 1 ለ 0 አሸነፈች። ጃፓን ደግሞ ጀርመንንም ስፔንንም በተመሳሳይ 2 ለ 1 ረታች። በፊፋ ደረጃ ይህን የሚፈታ የለም። ማን ኳሱን ይዞ እንደተጫወተ ስታዩ ግን ነገሩ ይፈታል። ጃፓን ሁለቱን ኃያላን ስትገጥም ኳሱን ለቃላቸው ትጠብቅ ነበር። ከኮስታሪካ ጋር ግን የሚጠብቀው ሌላው ሆነና ኳስ ይዞ መንገድ የመፈለጉ ሥራ ጃፓን ላይ ወደቀ። በ81ኛው ደቂቃ ኬይሸር ፉለር አስቆጠረባትና ሳታገግም ጨዋታው አለቀ።

ሞሮኮም እንዲሁ ናት። ኳታር ላይ እየጠበቀች እስከ ግማሽ ፍጻሜ የደረሰው ቡድን፣ በዚያው በአሰልጣኝ ዋሊድ ሬግራጊ እየተመራ በጥር 2024 በኮትዲቯሩ የአፍሪካ ዋንጫ ደቡብ አፍሪካን ሲገጥም ኳስ ያዥ መሆን ነበረበት። 2 ለ 0 ተሸንፎ ከጥሎ ማለፉ ተሰናበተ። ስለዚህ ግምት ስትሰጡ መጀመሪያ የምትጠይቁት ጥያቄ ከሁለቱ የማይወደውን ጨዋታ ለመጫወት የሚገደደው የትኛው ነው የሚለው ይሁን።

ከ1,000 በላይ ቅብብል፣ ሁለት የተለያየ ውጤት

የኳስ ቁጥጥር መቶኛ ብዙ ሰው የሚይዘው ቁጥር ነው፤ ለብቻው ግን የሚነግረን ነገር ትንሽ ነው። ስፔን በዚያ ውድድር ከኮስታሪካም ከሞሮኮም ጋር ከ1,000 በላይ ቅብብል አድርጋለች። በመጀመሪያው ሰባት ጎል ሲገኝ በሁለተኛው በ120 ደቂቃ አንድም አልተገኘም። ልዩነቱ ያለው የሚጠብቀው ቡድን አጠባበቅ ላይ ነው።

ኮስታሪካ ከኋላ ብዙ ሰው ደርድራ ነበር። ኳሱን ይዞ ቀና ብሎ የሚያየውን አማካይ ግን የሚያስጨንቅ አልነበራትም። የሚያቀብለው ሰው ጊዜ ካገኘ የተከላካይ ብዛት አያድንም፤ ኳሷ በመካከላቸው ትሾልካለች። በ11ኛው፣ በ21ኛውና በ31ኛው ደቂቃ ጎል ገባባት። ኮስታሪካ በሙሉው ጨዋታ ወደ ጎል አንድ ሙከራ እንኳ አላደረገችም።

ሞሮኮ የመጣችው በሌላ መንገድ ነበር። አራት ተከላካይ፣ ከፊታቸው ሶፊያን አምራባት ብቻውን፣ ከእሱ ፊት አራት አማካይ፣ ከሁሉም ፊት የሱፍ ኤን ኔስሪ። ኤን ኔስሪን ልብ ብላችሁ ተመልከቱት። የስፔን መሃል ተከላካዮች ኳስ ሲይዙ ሮጦ አይሄድባቸውም፤ ወደ አማካዩ ሰርጂዮ ቡስኬትስ የሚወስደውን መንገድ ዘግቶ ይቆማል። ኳሱ በመሃል መውጣት ሲያቅተው ወደ መስመር ይሄዳል። እዚያ የመስመር ተከላካዩና ከፊቱ ያለው የክንፍ ተጫዋች ሁለት ሆነው ይጠብቁታል። ኳሱ ወደ ኋላ ይመለሳል፣ ቅብብሉ ይቆጠራል፣ ጎል ግን የለም። ያ ሁሉ ቅብብል በአብዛኛው የተደረገው ሞሮኮ በፈቀደችው ቦታ ነው።

ከቀድሞ ጨዋታ ምን እንያዝ

የሁለቱን ቡድኖች የቅርብ ጊዜ ጨዋታ አንድ አንድ አግኙ፤ ሙሉውን ማየት አያስፈልግም። ከመጀመሪያው 20 ደቂቃ፣ ከዚያም ከ60 እስከ 75 ያለውን እዩ። ሁለተኛውን ክፍል የሚዘል ሰው ብዙ ነው፤ ትልቁ ስህተትም እሱ ነው። መጀመሪያ ላይ ሁሉም ቡድን ተጠጋግቶ ይቆማል። ደካማው የሚለየው እግር ሲከብድ ነው።

ለሚጠብቀው ቡድን፣ በኋላ መስመሩና በአማካይ መስመሩ መካከል ያለውን ርቀት መዝኑ። መለኪያው ሜዳው ላይ ተሠምሯል፤ የፍጹም ቅጣት ምት ክልሉ ከጎል መስመር እስከ ጫፉ 16.5 ሜትር ነው። ክፍተቱ ከዚያ ካነሰ ቡድኑ ተጠጋግቷል። ከበለጠ በመካከል የሚቆም አንድ ብልህ የተጋጣሚ አማካይ ሊከፍተው ይበቃል። ይህን በ10ኛውም በ70ኛውም ደቂቃ ለኩት።

ቀጥሎ ኳስ ሲቀማ የሚያደርገውን እዩ። በአሥር ሰከንድ ገደማ ውስጥ ሦስት ሰው ወደ ተጋጣሚው ሳጥን ከደረሰ እውነተኛ የመልሶ ማጥቃት ቡድን ነው። አንድ አጥቂ ብቻውን ሮጦ ሌላው ከኋላ ቆሞ የሚያይ ከሆነ ግን መከላከል ብቻ ነው የሚያውቀው። እንዲህ ያለው ቡድን ከኃያል ጋር ያለ ጎል ሊለያይ ይችላል፤ ለማሸነፍ ግን የቆመ ኳስ ወይም የተጋጣሚ ስህተት ያስፈልገዋል። ሁለቱን በአንድ ስም «ተከላካይ ቡድን» እያሉ መጥራት ብዙ ግምት ያበላሻል።

ለኳስ ያዡ ዋናው ጥያቄ ሰው ለሰው ሲፋጠጥ የሚያልፍ የክንፍ ተጫዋች አለው ወይ የሚለው ነው። የተዘጋ መሃል የሚከፈተው አንድ ሰው በመስመር አንዱን አልፎ ሁለተኛውን ወደ ራሱ ሲስብ ነው። ስፔን ከሞሮኮው ሽንፈት በኋላ የተለወጠችው በዚህ ነው። በ2024 የአውሮፓ ዋንጫ ላሚን ያማልን በቀኝ፣ ኒኮ ዊሊያምስን በግራ አሰልፋ ሰባቱንም ጨዋታ አሸንፋ ዋንጫውን ወሰደች። ክሮኤሺያን 3 ለ 0 ስትረታ ኳሱን አብዝታ የያዘችው ክሮኤሺያ ነበረች። የድሮዋን ስፔን በአእምሮው ይዞ የገመተ ሰው ሌላ ቡድን ገጠመው። የቡድን ስያሜ በሁለት ዓመት ያረጃል።

ሌላው በረኛው በእግሩ ምን ያህል ይችላል የሚለው ነው። ጃፓን በስፔን ላይ የመጀመሪያዋን ጎል ያገኘችው በረጅም ሩጫ አልነበረም። ከእረፍት መልስ ወደ ላይ ወጥታ በረኛውንና የግራ መስመር ተከላካዩን አስጨነቀች። ኳሱ እዚያው ተቀማ፣ ሪትሱ ዶአን በ48ኛው መታ፤ ከሦስት ደቂቃ በኋላ አኦ ታናካ ደገመው። ኳስ ያዡ ከበረኛው እየጀመረ የሚወጣ ከሆነ የተጋጣሚው የመጀመሪያ 15 ደቂቃ እና ከእረፍት መልስ ያለው 15 ደቂቃ ለእሱ አስጊ ነው ብላችሁ ጻፉ።

የመጀመሪያዋ ጎል

የሚጠብቀው ቡድን ቀድሞ ከገባበት እቅዱ ይፈርሳል ይባላል፤ ብዙ ጊዜም እውነት ነው። ሞሮኮ እስከ ግማሽ ፍጻሜው ድረስ የገባባት አንድ ጎል ብቻ ነበር፤ እሱንም ከካናዳ ጋር በራሷ መረብ ላይ ያስቆጠረችው ነው። በግማሽ ፍጻሜው የፈረንሳዩ ቲዮ ሄርናንዴዝ በ5ኛው ደቂቃ ሲያገባ ግን ነገሩ ተገለበጠ። ሞሮኮ ከፈረንሳይ በላይ ኳስ ይዛ ተጫወተች፣ ብዙ ሞከረች፣ በመጨረሻ 2 ለ 0 ተሸነፈች።

ይሁንና ይህ ሕግ ሁልጊዜ አይሠራም። አርጀንቲና ሳዑዲ ዓረቢያን ስትገጥም ሜሲ በ10ኛው ደቂቃ በፍጹም ቅጣት ምት አስቆጥሮ ነበር። ጃፓንም በስፔን በ11ኛው፣ በጀርመን በ33ኛው ደቂቃ ገብቶባታል። ሦስቱም ጨዋታዎች 2 ለ 1 ተገልብጠዋል። ከኮስታሪካ የሚለያቸው ምንድን ነው? 1 ለ 0 እየተመሩ አልተበተኑም፤ እስከ እረፍት በዚያው ውጤት ቆዩ፣ እረፍት ላይ ለወጡ። ስለዚህ የሚጠብቀው ቡድን ሲመራ ምን ያደርጋል ብላችሁ ጠይቁ። በቀደሙት ጨዋታዎቹ ከገባበት በኋላ ያሉትን 15 ደቂቃዎች ፈልጋችሁ እዩ። እዚያ ሁለተኛ ጎል የሚገባበት ቡድን ከኃያል ጋር አይበረክትም።

የሳዑዲዋ ጨዋታ ሌላም ያስተምራል፤ የሚጠብቅ ቡድን ሁሉ ሳጥኑ ውስጥ አይከማችም። አሰልጣኙ ሄርቬ ሬናርድ የኋላ መስመሩን ወደ መሃል ሜዳ አስጠግቶ አርጀንቲናን በ«ከጨዋታ ውጪ» ወጥመድ ያዛት። በመጀመሪያው አጋማሽ ብቻ ሦስት የአርጀንቲና ጎሎች ተሽረዋል። ይህ ከፍተኛ ድፍረት የሚጠይቅ አካሄድ ነው። አንድ ተከላካይ ግማሽ እርምጃ ከዘገየ ጎል ነው፤ በየጨዋታው የሚደገምም አይደለም። ሳዑዲ ቀጣዮቹን ሁለት ጨዋታዎች ተሸንፋ ከምድቡ ወጥታለች። ግምት ስትሰጡ የኋላ መስመሩ የት እንደሚቆም ጻፉ፤ መሃል ሜዳ አጠገብ ከሆነ የተጋጣሚው ፈጣን አጥቂ ዋጋው ይጨምራል፣ ሳጥን ውስጥ ከሆነ ደግሞ የረጅም አጥቂና ከሩቅ የሚመታ አማካይ ዋጋ ይጨምራል።

እግር፣ ከፍታና ሜዳ

አምስት ተጫዋች መቀየር ከተፈቀደ ወዲህ የተቀያሪ ወንበር ከቋሚው 11 እኩል መታየት አለበት። ኳስ ተከትሎ መሮጥ ኳስ ይዞ ከመሮጥ ይበልጥ ያደክማል፤ የሚጠብቀው ቡድን ከ70ኛው ደቂቃ በኋላ አዲስ እግር ካላገኘ ይከፈታል። ጃፓን በጀርመን ላይ ያገባቻቸው ሁለቱም ጎሎች፣ የዶአን 75ኛውና የታኩማ አሳኖ 83ኛው፣ ከወንበር በተነሱ ተጫዋቾች የመጡ ናቸው። ግምት የሚሰጥ ሰው የሁለቱንም ቡድኖች ተቀያሪ አጥቂዎችና የክንፍ ተጫዋቾች ስም ካልያዘ የመጨረሻውን 20 ደቂቃ አያውቀውም።

ከፍታን የወሎ ሰው ማስረዳት አይፈልግም። ኮምቦልቻ ከ1,800 ሜትር ትንሽ በላይ ነው፤ ሐረጎን ወጥታችሁ ደሴ ስትደርሱ ከ2,400 በላይ ሆናችኋል። 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ባለ መንገድ ውስጥ ይህን ያህል ልዩነት አለ፤ ከታች መጥቶ ደሴ ላይ የሚጫወት ሰው በሁለተኛው አጋማሽ ትንፋሹ ሲያጥር ይታያል። በዓለም አቀፍ ጨዋታም ያው ነው። ሜክሲኮ ሲቲ 2,240 ሜትር ላይ ናት፤ ላ ፓዝ ከ3,600 ታልፋለች። ቦሊቪያ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2009 በማራዶና ትሰለጥን የነበረችውን አርጀንቲናን ከነሜሲዋ ላ ፓዝ ላይ 6 ለ 1 አሸንፋለች። ቀጭን አየር ውስጥ ኳስ ይፈጥናል፤ የሩቅ ምትና ረጅም ኳስ ይጠቀማል፣ እየተሯሯጠ የሚያስጨንቅ ቡድን ይጎዳል። በከፍታ ላይ ኳስ ያዡ ቡድን ባለሜዳ ከሆነ ግምቱን ከፍ አድርጉለት። እንግዳ ከሆነ ግን ኳስ በመያዝ ማረፍ ይችላል፤ የሚሮጠው እንግዳ ይብሳል።

ሜዳው እርጥብና አጭር ሳር ከሆነ ቅብብል ይፈጥናል። ሳሩ ረዘም ያለና ደረቅ ከሆነ ኳሱ ይያዛል፤ የሚጠብቀው ቡድን ለመዝጋት ጊዜ ያገኛል። በክረምት ጭቃ ላይ ኳስ የተጫወተ የእኛ አገር ልጅ ይህን ያውቀዋል።

ነጥቡ ለማን ይበቃል

ሒሳቡን ሳያዩ ግምት መስጠት አይገባም። በ24 ቡድኖች በሚደረገው የአፍሪካ ዋንጫ ከስድስቱ ምድቦች አራት ምርጥ ሦስተኛዎች ያልፋሉ፤ በ48 ቡድኖች በሚደረገው የዓለም ዋንጫ ደግሞ ከ12 ምድቦች ስምንት። ይህ ለሚጠብቀው ቡድን ትልቅ ስጦታ ነው፤ አቻ መውጣት ዋጋ አለውና። ፖርቱጋል እ.ኤ.አ. በ2016 የአውሮፓ ዋንጫ የምድብ ጨዋታዎቿን በሙሉ አቻ ወጥታ፣ ሦስተኛ ሆና አልፋ ዋንጫውን ወስዳለች። አቻ ለሚጠብቀው ቡድን የሚበቃው ከሆነ 0 ለ 0 ወይም የአንድ ጎል ልዩነት ገምቱ። ማሸነፍ ግድ ከሆነበት ግን ከ60ኛው ደቂቃ በኋላ ወደ ፊት መውጣቱ አይቀርም፤ ያኔ ኳስ ያዡ ሁለትና ሦስት ሊያገባ ይችላል።

በጥሎ ማለፍ ላይ መለያ ምት ለሚጠብቀው የሚፈለግ መጨረሻ ነው። ስፔን እ.ኤ.አ. በ2018 ከሩሲያ ጋር ከ1,000 በላይ ቅብብል አድርጋ 1 ለ 1 ተለያየችና በመለያ ምት ወጣች። ከአራት ዓመት በኋላ ከሞሮኮ ጋር ተደገመ። አሰልጣኙ ሉዊስ ኤንሪኬ ተጫዋቾቹ ክለባቸው ሳሉ 1,000 ፍጹም ቅጣት ምት እንዲለማመዱ የቤት ሥራ ሰጥቻቸዋለሁ ብሎ ነበር። ሳራቢያ ቋሚውን መታ፣ የሶለርንና የቡስኬትስን የሞሮኮው በረኛ ያሲን ቡኑ አዳነ፤ ከሦስት አንድም አልገባም። ጥሎ ማለፍ ከሆነ የሁለቱን በረኞች የመለያ ምት ታሪክ ከአጥቂዎቹ የጎል ብዛት አስቀድማችሁ ያዙ።

ዋልያዎቹን ስንገምት

የኢትዮጵያ ብሔራዊ ቡድን ሲጫወት ሁላችንም ልባችን ይቀድማል፤ ቆንጆ ኳስ እንወዳለን፣ ቡድናችንም በአሰልጣኝ ውበቱ አባተ ዘመን ኳስ መያዝን መርጦ ነበር። ምርጫው ያዋጣል ወይ ለሚለው ያ ዘመን ሁለቱንም መልስ ይሰጣል። በሰኔ 2022 ማላዊ ሊሎንግዌ ላይ ዳዋ ሆቴሳና ሽመልስ በቀለ ከእረፍት በፊት አስቆጥረው ግብጽን 2 ለ 0 አሸነፍን። ግብጽ ያለ መሐመድ ሳላህ ነበረች፤ በመልሶ ማጥቃት የምትቀጣበት ሰው አልያዘችም። ከዚያ አምስት ወር ቀድሞ ካሜሩን ላይ ግን ከኬፕ ቨርድ ጋር ያሬድ ባየህ ገና በ12ኛው ደቂቃ በቀይ ወጥቶ 1 ለ 0 ተሸነፍን። ከአዘጋጇ ጋር ዳዋ በ4ኛው ደቂቃ ቢያገባም በአራት ደቂቃ ውስጥ አቻ ሆነና 4 ለ 1 አለቀ።

ስለዚህ ዋልያዎቹን ኳስ ይይዛሉ ብሎ ማቆም ግምት አይባልም። የተጋጣሚው አጥቂ ፈጣን ነው ወይ? ኳስ ስናጣ ከኋላ ስንት ሰው ይቀራል? ሁለት መሃል ተከላካይና አንድ ተከላካይ አማካይ ከቀሩ ሁለት አጥቂ ይቋቋማሉ። ሁለቱም የመስመር ተከላካዮች ወጥተው ሁለት ብቻ ከቀሩ የመጨረሻው ሰው ጥፋት ይሠራል፣ ቀይም ይመጣል። ተሻጋሪ ኳስና የማዕዘን ምትም አለ፤ ከእኛ በቁመትና በጉልበት ከሚበልጡ ጋር ስንጫወት በሳጥናችን አካባቢ የሚሰጥ እያንዳንዱ ቅጣት ምት የተጋጣሚውን ዕድል ከፍ ያደርገዋል። እ.ኤ.አ. በ1962 ግብጽን 4 ለ 2 አሸንፈን ዋንጫ መውሰዳችን ክብራችን ነው፤ ለቀጣዩ ጨዋታ ግምት ግን መረጃ አይሆንም። የአሰልጣኝ ለውጥ ከተደረገ የሁለት ዓመት በፊቱም አይሆንም። የወዳጅነት ጨዋታን እስከ መጀመሪያው ቅያሪ ድረስ ብቻ ቁጠሩት።

ምርጫው

የሚጠብቀው ቡድን ተጠጋግቶ የሚቆም፣ በሦስት ሰው የሚወጣና አቻ የሚበቃው ከሆነ፣ ኳስ ያዡም በመስመር የሚያልፍ ሰው ከሌለው፣ የሚጠብቀውን ወይም አቻን ምረጡ። ኳስ ያዡ ሁለት ጥሩ የክንፍ ተጫዋቾች ካሉትና የተጋጣሚው አማካይ መስመር ከ60ኛው በኋላ የሚርቅ ከሆነ ኳስ ያዡን ምረጡ፤ ጎሉም ዘግይቶ ይመጣል በሉ። የሚጠብቀው ማሸነፍ ግድ ከሆነበት ደግሞ የጎል ብዛት ገምቱ። ሁለቱም የመጠበቅ ቡድኖች ሲሆኑ፣ እንደ ጃፓንና ኮስታሪካ፣ ኳሱ በእጁ የሚወድቅበትን ዝቅ አድርጉት።

አንድ ስክሪን ብቻ ላላቸው የኳስ ማሳያ ቤቶችም ይህ ይጠቅማል፤ የአንድ ምድብ የመጨረሻ ጨዋታዎች በተመሳሳይ ሰዓት ይደረጋሉና። ኳስ ያዡ ነጥብ የሚያስፈልገው፣ የሚጠብቀውም ማሸነፍ የሚፈልገው ጨዋታ ይሻላል፤ እሱ መከፈቱ አይቀርም። የሌላውን ውጤት በስልክ ተከታተሉ። ጃፓን ስፔንን ስትመራ በዚያው ሰዓት ኮስታሪካ ጀርመንን በ70ኛው ደቂቃ መርታ ነበር፤ ጀርመን አቻ እስክትሆን ድረስ ለሦስት ደቂቃ ያህል ስፔንም ጀርመንም ከምድቡ ወጥተው ነበር።

በመጨረሻ አሰላለፉን ሳታዩ ግምታችሁን አትዝጉ። ብዙውን ጊዜ አንድ ሰዓት ገደማ ሲቀረው ይወጣል። በማሟሟቂያም ጊዜ ይቀየራል፤ በኳታሩ ግማሽ ፍጻሜ ከፈረንሳይ ጋር የሞሮኮው መሃል ተከላካይ ናይፍ አጉርድ በአሰላለፍ ላይ ነበረ፣ ጨዋታው ሳይጀመር ግን ወጣ፤ ሌላው መሃል ተከላካይ ሮማን ሳይስም ሙሉ ጤነኛ ሳይሆን ገብቶ በ21ኛው ደቂቃ ተቀየረ። ከሚጠብቀው ቡድን አጥቂ ከጎደለ ግምቱን እምብዛም አትንኩ። መሃል ተከላካይ ወይም ብቸኛው ተከላካይ አማካይ ከጎደለ ግን ለተጋጣሚው አንድ ጎል ጨምሩ።